ሰፌዷና የአባቴ እጆች

የዓሣ ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኜም አላውቅም። አዳማ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ጭርትና ቋቁቻ ለወጣበት ሁሉ ጂቪ እቀባለሁ። ጂቪ ያን ጊዜ የማይገባበት ቦታ አልነበረም፤ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው መድኃኒት ነው፤ የተቀባ ልጅ ሳምንት ሙሉ ከሩቅ ይታወቃል። የሰፈራችን ሰው ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ስለሚል እኔንም እንደዚያ ይጠራኝ ነበር። አላርምም። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን አስዋሸኝ።

አባቴ ደግሞ ወጌሻ ነው። ከባቡር ሥራ በጡረታ ከወጣ በኋላ ሙሉ ሥራው እሱ ሆነ። ወለምታ የያዘው፣ ትከሻው የወለቀ፣ ወገቡ አልንቀሳቀስ ያለ ሁሉ፣ የወንጂ ሸንኮራ ቆራጭም የሞጆ ሾፌርም፣ በራችን ላይ ነው የሚውለው። ቅቤ መዳፉ ላይ ያቀልጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ማሸት ይጀምራል። የሚያየው በእጁ ነበር። እኔ ሠልጥኜ ስመጣ «አንቺ በደብተርሽ፣ እኔ በጣቴ» እያለ ይቀልድብኛል። በሽተኛው ከእኔ ይልቅ እሱን ያምናል፤ ይኼ ደግሞ ያናድደኝ ነበር።

እናታችን ልጆች ሳለን ስለሞተች ቤቱ ውስጥ የምንኖረው አባቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ነበርን። ዓሣዋን ያመጣት ወንድሜ ነው። ወንጂ ውስጥ ለአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ አትክልተኛ ሆኖ ሲሠራ ሰውየው ውሉ አለቀና ወደ አገሩ ሊሄድ ሆነ። ዓሣዋን ይዞ መሄድ አልቻለም፤ ለወንድሜ ሰጠው። ከደቡብ አሜሪካ ወንዝ ሕፃን ሳለች የመጣች ናት አለን። ክብና ጠፍጣፋ ናት፤ ቡናማ ጀርባዋ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ አላት፤ ዓይኖቿ ከላይ፣ አፏ ከሥር ነው፤ ረጅም ጭራዋ ላይ መርዛም እሾህ አለ። በበርሜል ውስጥ ሆና ከጭነት መኪና ላይ ስትወርድ አባቴ አጎንብሶ አያትና «ይቺ ዓሣ ናት? መኪና ሄዶባት ነው እንጂ» ብሎ ሳቀ። ቅርጿን አይተን ሰፌድ አልናት።

ግቢያችን ውስጥ ድሮ ለብሎኬት ማራሻ የተሠራ ሰፊ የሲሚንቶ ገንዳ ነበር። ወንድሜ አጥቦ፣ ከወንዝ አሸዋ አምጥቶ ሥሩ ላይ አነጠፈላት። ሁለት በርሜል የቧንቧ ውሃ ሁልጊዜ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያድራል፤ በየሁለት ቀኑ ከገንዳው ሲሶውን ቀድቶ ያፈሳል፣ በቆመው ውሃ ይተካል። ትል ይቆፍርላታል፣ ትንንሽ ዓሣ ከገበያ ይገዛላታል። እጁን ውሃው ላይ ሲያሳርፍ ጠርዟን እያርገበገበች ወደ ላይ ትመጣለች። ሰፈሩ ሊያያት ይመጣል። እኛ እናየዋለን፣ እንስቅበታለን፤ አንድም ቀን ግን ይኼን ለምን ታደርጋለህ ብለን አልጠየቅነውም። ዛሬ ሳስበው ጥፋታችን ከዚያ ይጀምራል።

ወታደሮች ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ የወጡ ቀን ወንድሜ ገበያ ነበር። የዓሣዋን ምግብ ሊገዛ ሄዶ በዚያው ቀረ። ጎረቤት መጥቶ እስኪነግረን ድረስ የታፈሱትን የጫኑት መኪኖች ከከተማ ወጥተዋል። እኔና አባቴ ያገኘነው አውቶቡስ ላይ ተንጠልጥለን ሞጆ ደረስን፤ መኪኖቹ ነዳጅ ሊሞሉ ቆመዋል። ልጆቹ ጭነቱ ላይ ተፋፍገው ቆመዋል፤ እናቶች ከሥር ይጮኻሉ፤ ወታደሮቹ ያርቁናል። ወንድሜን ያየው አባቴ ነው። እጁን አነሣለት። ወንድሜም አየን፤ መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር አንገቱን አስግጎ ጮኸ፦

«አባዬ! ዓሣዋን አደራ! አደራ!»

ለረጅም ጊዜ በዚህ ተናድጄበታለሁ። ሌላ የሚለው ነገር አጣ? ደህና ሁኑ አይልም? እህቴ አይልም? አሁን ግን ይገባኛል፤ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ እንደዚያ ተጭኖ ሲሄድ አፉ ላይ የሚመጣለት ጠዋት ጀምሮ የተወው ሥራ ነው። አባቴ ግን ሌላ ነገር ነው የሰማው። የሰማው አደራ የሚለውን ነው። አደራ በላ መባል ለእሱ ከስድብ ሁሉ የከፋ ነበር። ቤት ስንደርስ ጫማውን ሳያወልቅ ገንዳው አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ማሸት ተወ ማለት ይቻላል። የመጣውን «ዛሬ አልቻልኩም» ብሎ ይመልሳል። ሲነጋ ገንዳው ላይ ነው፤ ሲመሽም እዚያው ነው። ደብዳቤ አልመጣም። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። ስለ ወንድሜ ካነሣሁ ይነሣና ይሄዳል፤ ስለ ሰፌዷ ካነሣሁ ይመልስልኛል። ስለዚህ ስለ ሰፌዷ ብቻ እናወራ ጀመር። አንድ ቀን «እሷ ደህና እስከሆነች ልጁም ደህና ነው» አለኝ። ጤነኛ ሰው የሚናገረው ነገር አልነበረም። ግን እኔም በልቤ እንደዚያው ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ውሃውን እንደ ወንድሜ አልቀየርነውም። ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሲመጣ ለመጠጥ የሚሆነን እንኳ አንሶ ነበር፤ የገንዳው ውሃ አረንጓዴ እስኪሆን ቆየ። ሰፌዷ ከሲሚንቶው ግድግዳ ጋር እየተፋተገች ጠርዟ ተላጠ። በተላጠው ቦታ ላይ አንድ ጠዋት ነጭ ነገር አየን። ባዘቶ ጥጥ የመሰለ፣ ውሃው ሲንቀሳቀስ አብሮ የሚወዛወዝ። አባቴ ቆሻሻ መስሎት ሊያነሣው ቢል አልተነሣም። ከሥጋዋ ላይ የበቀለ ነው።

እኔ ወዲያው አወቅኩት፤ ቢያንስ ያወቅኩ መሰለኝ። «ፈንገስ ነው፤ ሻጋታ በለው። ሰው ላይም ይወጣል። ቀላል ነው» አልኩት። ያን «ቀላል ነው» ያልኩበትን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። በነጋታው ከክሊኒክ አንድ ጠርሙስ ጂቪ በጋውኔ ኪስ ደብቄ አመጣሁ። አባቴ በወፍራም ጨርቅ ጭራዋን ይዞ፣ በሌላ እጁ ከሥሯ ደግፎ ወደ ላይ አወጣት፤ እኔ በጥጥ ቀባኋት። የተረፈውንም፣ ይበልጥ ይሠራል ብዬ፣ ገንዳው ውስጥ ደፋሁት። ውሃው ወይን ጠጅ መሰለ። አባቴ እስከ ክንዱ ድረስ ወይን ጠጅ ሆነ። ሰፌዷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትል መብላት አቆመች።

ጥጥ መሳዩ ነገር ለሁለት ቀን የጠፋ መስሎ በሦስተኛው ቀን በሁለት ቦታ ብቅ አለ። አባቴ ምንም አልወቀሰኝም። እጅጌውን ሰብስቦ ቅቤ መዳፉ ላይ አቀለጠና እጁን ውሃ ውስጥ ከተተ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልክ ለሰው እንደሚያደርገው፣ ከመሃል ጀምሮ ወደ ጠርዟ በቀስታ አሻት። ነጩን ነገር በአውራ ጣቱ ጠራረገላት። ሰፌዷ እሾሃም ጭራዋን አላነሣችበትም። «አየሽ፣ ታውቀኛለች» አለኝ። ከሦስት ወር ወዲህ ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱና በየማታው ያሻት ጀመር።

ከጎናችን የሚኖሩት አሮጊት ነገሩን ሰምተው መጡ። እግራቸው ላይ ለዓመታት የኖረ ችፌ ሶደሬ ተመላልሰው የለቀቃቸው ሴት ናቸው፤ በፍል ውሃው ይምላሉ።

«ሶደሬ ነው እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም!» አሉ። «የኔን እግር ማን አዳነው? ያንቺ ቀለም ነው? ስንት ጊዜ ቀባሽኝ?»

እውነታቸውን ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀብቻቸው አልሠራም። የአዳማ ሰው ቆዳውን ካመመው የሚሄደው ሶደሬ ነው፤ ዓሣ ቆዳዋን ሲያማት ደግሞ ሌላ ምን ሊታሰበን? እሑድ ቀን አራት ጀሪካን ይዤ ሄድኩ። ገላቸውን ከሚታጠቡት ሰዎች መሃል ገብቼ ስቀዳ ለማን ነው ብለው ጠየቁኝ፤ ለታመመች እህቴ ነው አልኩ። አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠችልኝ። ውሃውን አምጥተን፣ አቀዝቅዘን፣ የገንዳውን ግማሽ አፍስሰን በእሱ ተካነው። ጎረቤታችን ጸሎት አደረሱ። አባቴም አደረሰ።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ሰፌዷ ወደ ላይ መጥታ አየር ትጎርስ ጀመር። ከዚያ ጠርዟ ዙሪያውን ወደ ላይ መጠቅለል ጀመረ፤ እሳት እንደነካው ወረቀት። ዓሣ ስትሞት አይቼ አላውቅም፤ ያን ስመለከት ግን እየሞተች መሆኑን ለማወቅ ትምህርት አላስፈለገኝም። አባቴ «ምን አደረግናት? ምን አደረግናት?» እያለ በባልዲ ውሃውን መድፋት ያዘ። ከጎረቤት ሁሉ የመጠጥ ውሃ ለምነን፣ በእንስራም በድስትም ተቀብለን ሞላነው። ጠርዟ ቀስ ብሎ ተዘረጋ። አባቴ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እናቴ ስትቀበርም አላለቀሰም ነበር።

በነጋታው ሥራ አልሄድኩም። የማውቀው ነገር እንደሌለ ገብቶኛል፤ የሚያውቅ ሰው መፈለግ ነበረብኝ። በሞጆ በኩል ኮካ ሄድኩ። ሐይቁ ዳር መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። በኦሮምኛ አካም ጅርቱ ተባብለን ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ስለ ጂቪው ስነግራቸው ሳቁ፣ ስለ ሶደሬው ስነግራቸው ግን መርፌያቸውን አስቀመጡ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያንን ጥጥ እኔም አውቀዋለሁ። መረብ ያቆሰለው ዓሣ ላይ ይወጣል። ንጹሕ ውሃ ካገኘ ራሱ ይለቃል። ቆሞ ያደረ ውሃ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀይሪላት። ጨው እፍኝ ጣል አድርጊበት። ሌላ ምንም።»

«ንጹሕ ውሃማ አሁን እያገኘች ነው። ጥጡ ግን ጠፍቶ ይመለሳል።»

ትንሽ አሰቡና ከባልዲያቸው አንድ ቆሮሶ የሚባል ዓሣ አንሥተው እጄ ላይ አኖሩት። አዳለጠኝ። «ይኼ የሚያዳልጥሽ ልብሱ ነው» አሉ። «በሽታ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው። ሰው ሲነካው፣ ሲያሸው ይገፈፋል። የተገፈፈበት ላይ ጥጡ ይበቅላል። ማነው የሚነካት?»

አመስግኜ ተነሣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኼን ለአባቴ የምነግርበት አፍ ከየት አመጣለሁ? ሰው ሁሉ የሚያምነው እጅ ነው። ልጁን ከመኪና ላይ ማውረድ ያልቻለ እጅ ነው። አሁን የቀረው አንድ ሥራ እሷን ማሸት ነው፤ እሱ ደግሞ እየገደላት ነው። ብነግረው ዓሣዋ ትድናለች፤ አባቴ ግን የሚድን አልመሰለኝም። ባልነግረው ሁለቱም ይሞታሉ። እያለቀስኩ አዳማ ደረስኩ።

ቤት ስገባ አባቴ እስከ ክርኑ ውሃ ውስጥ ነው። ዓይኑ ተጨፍኗል። ሰፌዷ ግማሽ ጎኗ ነጭ ሆኖ ከእጁ ሥር ተኝታለች። ቀና ብሎ «ምን አሉሽ?» አለኝ።

ከአፌ የወጣው ውሸት አስቀድሜ ያሰብኩት አልነበረም። «እጅህን አሳየኝ» አልኩት። ሰጠኝ። ጂቪው ገና አልለቀቀም፤ ጣቶቹ ውሃ ውስጥ ከመቆየት ተጨማደዋል። አገላብጬ አየሁና «አባዬ፣ ፈንገሱ ወደ አንተ ተላልፏል» አልኩ። «ከእሷ ወደ አንተ፣ ካንተ ወደ እሷ እየተመላለሰ ነው። እጅህ እስኪድን መታሸግ አለበት። ውሃ እንዳይነካው።»

ፊቴን ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ሁለቱንም እጁን ዘረጋልኝ። ጤነኛ እጆቹን ቅባት ቀብቼ፣ ጣት በጣት፣ እስከ አንጓው ድረስ በፋሻ ጠቀለልኳቸው። ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ቢፈታብኝ «ረጋ በይ» ያለኝ እሱ ነው።

ውሃውን እኔ ያዝኩት። በርሜሎቹን እንደ ወንድሜ ፀሐይ ላይ አቆምኩ፤ ከክሊኒኩ ግቢ በጀሪካን ጭምር እየተሸከምኩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀየርኩ፤ ጨው ጣል አደረግኩ። አልነካኋትም፤ ማንም አልነካትም። ጥጡ በሁለተኛው ሳምንት መሳሳት ጀመረ፤ ከዚያ በቁራጭ በቁራጭ እየለቀቀ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። አንድ ጠዋት የጣልኩላትን ትል ሄዳ ተኛችበት፤ ስትነሣ ትሉ የለም። ለአባቴ ሮጬ ነገርኩት። «ተመስገን» አለ፤ ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም።

እሱን ደግሞ እኔ አጎርሰው ነበር። የሸሚዙን ቁልፍ እቆልፍለታለሁ፣ ፊቱን አጥብለታለሁ። እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ ሲጠብቀኝ ማየት አልችልም ነበር። በየቀኑ «ዛሬስ?» ይለኛል፤ «ገና ነው» እለዋለሁ። አንድ ቀን ትከሻው የወለቀ ሸንኮራ ቆራጭ ከወንጂ ጓደኞቹ ደግፈው አመጡት። ሰውየው በሕመም ያቃስታል። አባቴ ብድግ አለ፤ ከዚያ በፋሻ የተጠቀለሉትን እጆቹን አየና መልሶ ተቀመጠ። «አልችልም፣ ወንድሜ» አለው። ሰውየው «አባባ፣ እባክዎን፤ የእርስዎን ስም ሰምቼ ነው» እያለ ለመነው። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ጊዜ ፋሻውን ቀድጄ ጥዬ እውነቱን ብናገር በተገላገልኩ። አልተናገርኩም። ሰፌዷ ላይ ገና አንድ ነጭ ቦታ ቀርቶ ነበር።

እሱም ቦታ ጠፋ። ጠርዟ ላይ ትንሽ ጎደሎ ቀረ እንጂ ቆዳዋ ሙሉ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት አባቴን ገንዳው አጠገብ አስቀምጬ «እጅህ ድኗል፤ ልፍታልህ» አልኩት። ፈታሁት። እጆቹ ገርጥተዋል፣ ከስተዋል። ጣቶቹን ዘረጋ፣ አጠፈ። ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ አልተለወጠም።

«ዕድሜዬን በእጄ የኖርኩ ሰው ነኝ» አለኝ። «እጄ እንዳልታመመ የማላውቅ መሰለሽ?»

«መቼ አወቅክ?»

«ከኮካ የመጣሽ ዕለት። እጄን ስታዪ እጄን አልነበረም የምታዪው፤ እሷን ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ አባዬ?»

«ብናገር ትፈቺዋለሽ። ከፈታሽው እነካታለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ» አለ።

ይህን ስንነጋገር ሰፌዷ ጥላችንን አይታ ከአሸዋው ተነሣች። ጠርዟን እያርገበገበች ወደ እሱ መጣች፤ እጁን ለምዳለች። የአባቴ እጅ ራሱ ወደ ውሃው ሄደ። ጣቱ ውሃውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ስብስብ አድርጎ ብብቱ ሥር ከተተው።

«ጠቅልይው» አለኝ።

«ድኗል እኮ! ከእንግዲህ ተጠንቅቀህ...»

«ጠቅልይው አልኩሽ። ልጁ ሲመጣ ይፈታዋል።»

ጠቀለልኩት። ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር? ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ቅዳሜ ፋሻውን እፈታለሁ፣ እጁን አጥባለሁ፣ በንጹሕ ፋሻ መልሼ እጠቀልላለሁ። ለጠየቀው ሁሉ «አልዳነልኝም» ይላል። ሰፈሩ አመነው፤ ወጌሻ ፍለጋ ሌላ ቦታ መሄድ ጀመረ። ከወንድሜ ደብዳቤ አልመጣም። መንግሥት ሊወድቅ ሲል ከሰሜን የተበተኑ ወታደሮች በከተማችን በኩል በባዶ እግራቸው ሲያልፉ አባቴ አስፋልቱ ዳር ቀኑን ሙሉ ቆሞ የእያንዳንዱን ፊት ያይ ነበር፤ አንዳንዶቹ በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቹን አይተው እንደነሱ የቆሰለ ወታደር መስሏቸው ሰላምታ ይሰጡታል። ወንድሜ አላለፈም።

አባቴ በዚያው ዓመት ሞተ። ሰፌዷ ገንዳዋ ውስጥ ደህና ነበረች። ሊገንዙት የመጡት ሽማግሎች ፋሻውን ፈቱና እጆቹን አገላብጠው አዩ፤ ጭረት እንኳ አልነበረባቸውም። አንደኛው ወደ እኔ ዞሮ «ቁስሉ የታለ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት» አልኩት።